«ፕሮጀክቱን ልያዝ ወይስ ሌክቸረርነቱን ልጠብቅ?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከድሮም አነባለሁ፤ ዛሬ የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ።

28 ዓመቴ ነው። ኮተቤ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በባዮሎጂ፣ ሁለተኛውን በአፕላይድ ማይክሮባዮሎጂ ተምሬያለሁ። ለማስተርሱ የከፈለችልኝ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። ቴሲሴን የሠራሁት በእርጎ ላይ ነው፤ ከተለያዩ ቤቶች ሳምፕል ሰብስቤ ወተቱን የሚያኮመጥጡትን የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ለየሁ፤ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ምን ያህል እንደሚገቱም ሞከርኩ። ለሲኩዌንስ (የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ለማስነበብ) የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ በባዮኬሚካል ቴስት ብቻ ለይቼ ዲፌንድ አደረግሁ። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ቴሲሱ ግን ላይብረሪ ገብቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ልቤ ግን ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ወረቀቴን ይዤ እሮጣለሁ። አንዳንዱ ገና በማጣሪያው ይጥለኛል። ሌላው ጋ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ዲሞ (የማስተማር ሙከራ) ላይ እወድቃለሁ፤ ኮሚቴው ፊት ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ያለፈው ልጅ «የውስጥ ሰው ነው» ሲሉኝ ደግሞ ለምን እንደምደክም ይጠፋኛል።

አሁን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የምርምር ተቋም ለአንድ ዓመት ፕሮጀክት በረዳት ተመራማሪነት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል፤ በዚህ ሳምንት መጨረሻ መልስ ስጪ ብለውኛል። ሩቅ ያለ አንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሌክቸረርነት ፈተናውን አልፌ በሚቀጥለው ሳምንት ለዲሞና ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ቋሚውን ብይዝ እሷን ጥዬ መሄድ ነው፤ ፕሮጀክቱን ብይዝ ከዓመት በኋላ ባዶ እጄን እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ባንክ ገብተው ራሳቸውን ችለዋል። እኔ የእህቴን ገንዘብ በልቼ የቀረሁ ነው የሚመስለኝ። ውጭ አገር ፒኤችዲ ልሞክር ወይ ባዮሎጂን ጭራሽ ልተወው? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከኮተቤ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ስለ እህትሽ የጻፍሽው ነው። «ገንዘቧን በልቼ ቀረሁ» ብለሻል። ይህን ለእሷ ነግረሻት ታውቂያለሽ? አንድ ቀን እንኳ «ያስተማርኩሽ ለምን ነው» ብላሽ ታውቃለች? እንዳላለችሽ እገምታለሁ፤ ብትል ኖሮ ደብዳቤሽ ላይ ይኖር ነበር። የሰው ቤት እየሠራች እህቷን ማስተርስ ያስጨረሰች ሴት ምን እንደምታስብ የምታውቀው ራሷ ናት። ከመወሰንሽ በፊት ደውይላት። ፈቃድ ለመጠየቅ ብለሽ ሳይሆን ሸክሙን ብቻሽን እንዳትሸከሚው ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ልብ ላይ ተቀምጦ የሚወሰን ውሳኔ ቶሎ ገንዘብ ወደሚያስገኘው ነገር ይገፋል፤ በኋላም ይቆጫል።

ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምሬያለሁ፤ በቅጥር ኮሚቴም ተቀምጫለሁ። በሩ የጠበበው በአንቺ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ልታውቂ ይገባል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ያ ሁሉ ተቋም ሲከፈት ባዮሎጂ ዲፓርትመንቶች ማስተርስ ያለውን ሰው ተሻምተው ወስደዋል። አሁን እነዚያ መምህራን ቦታው ላይ አሉ፤ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ጡረታቸው ሩቅ ነው። በዚያ ላይ ተማሪው አነሰ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከዚህች ቁጥር ላይ ሕክምናውና ምሕንድስናው የድርሻቸውን ሲወስዱ ለባዮሎጂ የሚተርፈውን አንቺው አስቢው። ተማሪ የሌለው ዲፓርትመንት አዲስ መምህር አይጠይቅም። ይህን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም፤ የወደቅሽበትን ሁሉ ከራስሽ ድክመት እንዳትቆጥሪው ነው።

«የውስጥ ሰው» ስላልሽውም ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። የለም ብልሽ አታምኚኝም፤ እኔም አልልሽም። በዝምድናና በትውውቅ የሚሰጥ ቦታ አለ፤ ሲያጋጥምሽ መናደድሽ ልክ ነው። ግን ሁሉንም እዚያ ላይ ካላላከክሽው ልታስተካክዪው የምትችዪው ነገር ታገኛለሽ። ለምሳሌ በማጣሪያው የወደቅሽባቸው ጋ ምክንያቱን ጠይቀሻል? ማስታወቂያው «ማይክሮባዮሎጂ» ብሎ የአንቺ ዲግሪ «አፕላይድ ማይክሮባዮሎጂ» ስለሚል ብቻ ወረቀትሽ ከነፋይሉ ወደ ጎን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው፤ ባዮሎጂ አያውቅም፣ ስሙን ከስሙ ነው የሚያስተያየው። ከተማርሽበት ዲፓርትመንት የወሰድሻቸውን ኮርሶች ዘርዝሮ ትምህርትሽ ከማይክሮባዮሎጂ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊና ከትራንስክሪፕትሽ ጋር አያይዢው። ባዮሎጂ ዲፓርትመንት ላይ ብቻም አትወሰኚ። ባዮቴክኖሎጂ፣ ምግብ ሳይንስ፣ አካባቢ ሳይንስ ክፍሎች ማይክሮባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ፤ የእርጎ ሥራሽ እንዲያውም ለምግብ ሳይንሱ ይበልጥ ይቀርባል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከዚያ ወዲህ እስከ መስከረምና ጥቅምት ያለውን ጊዜ በንቃት ተከታተዪ፤ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ የሚወጡትን ብቻ ሳይሆን የተቋማቱን የራሳቸውን ሰሌዳም ጭምር።

ዲሞው ላይ ድምፅሽ የሚንቀጠቀጠው ማስተማር ስለማትችዪ አይመስለኝም፤ በየቀኑ ታስተምሪ የለ! ትምህርት ቤት የምታወሪው ለልጆች ነው፤ እዚያ ግን ለዳኞች ታወሪያለሽ። ኮሚቴው ፊት ስትቆሚ ያለሽን ሁሉ ለማሳየት አትሞክሪ። ብዙ አመልካች የሚወድቀው የአንድ ወር ትምህርት በደቂቃዎች ውስጥ ለመጨረስ ሲሮጥ ነው። አንዲት ጠባብ ሐሳብ ምረጪ። ባክቴሪያን በቀለም በሚለየው የግራም ምርመራ፣ ግራም ፖዘቲቩ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲቀር ኔጌቲቩ ለምን ሮዝ እንደሚሆን ብቻ ብታስረጂ፣ የሁለቱን ሕዋስ ግድግዳ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ብትሥዪ፣ መሐል ላይ ቆም ብለሽ «አልኮሉን ብዙ ብናቆየውስ ምን ይመጣል?» ብለሽ ብትጠይቂ፣ እኔ ኮሚቴ ብሆን ነጥቡን እሰጥሻለሁ። ከመሄድሽ በፊት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችሽ እሱኑ አስተምሪያቸው፤ የት ላይ ፊታቸው እንደሚጨፈግግ እዪ። ለሴት አመልካቾች ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጡ ተቋማት ስላሉ ይህንንም ስትመዘገቢ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው፣ አትፈሪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔን ያስጨነቀኝ ፕሮጀክቱም ሌክቸረርነቱም አይደለም፤ ላይብረሪ ገብቶ የቀረው ቴሲስሽ ነው። ዲግሪ ያለው አመልካች ብዙ ነው። የታተመ ሥራ ያለው ጥቂት ነው፤ ኮሚቴም ሆነ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አንቺ ለዚያ የሚሆን ነገር ሠርተሽ አስቀምጠሽዋል።

ለመሆኑ ባክቴሪያዎችሽ በሕይወት አሉ? የት አስቀመጥሻቸው? ግሊሰሮል ውስጥ ሆነው በደንብ በቀዘቀዘ ፍሪዘር ከቆዩ ብዙዎቹ ሊተርፉ ይችላሉ። መብራት እየጠፋ እየመጣ፣ ፍሪዘሩ እየቀለጠ እየረጋ ከሆነ ግን በየጊዜው እያለቁ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ላብ አሲስታንቱን አስፈቅጂና ኤምአርኤስ በሚባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ዘርተሽ የትኞቹ እንደሚበቅሉ እዪ። የበቀሉትን አባዝተሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የማይክሮብ ዘረመልም ያሰባስባል፤ እዚያ ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። የእናቶች ዕቃ ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ባክቴሪያ በአንድ ፍሪዘር መበላሸት መጥፋት የለበትም፤ ይህ ከአንቺ ሥራ መገኘትም በላይ ያሳስበኛል።

በባዮኬሚካል ቴስት ብቻ የተለየ ባክቴሪያ ዛሬ ብዙ ጆርናል «ዝርያው በእርግጥ ይህ ነው ወይ?» ብሎ ይመልሰዋል። ሁሉንም ማስመርመር አይጠበቅብሽም። በሽታ አምጪዎቹን በደንብ የገቱትን ጥቂቶቹን ብቻ ለይተሽ ዝርያቸውን ለመለየት የሚያገለግለው የ16ኤስ ጂናቸው ሲኩዌንስ ቢደረግ ጽሑፍሽ መልኩ ይለወጣል። ሲኩዌንስ የሚሠራባቸው ተቋማት እዚሁ አዲስ አበባ አሉ፤ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከእነዚህ ናቸው። ወደ ውጭ ልኬ ላሠራ ካልሽ ግን ተጠንቀቂ፦ የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው፤ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተደነገገ ነው። «ትንሽ ቱቦ ናት» ብሎ በሻንጣ የሚልክልሽ ሰው ቢገኝ እሺ አትበዪው።

አድቫይዘርሽ ጋ ስትሄጂ «ምን ላድርግ?» ብለሽ አትሂጂ፤ ረቂቁን ይዘሽ ሂጂ። መምህራን ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ከባዶ ለመጀመር ጊዜ የሌለው ሰው የተጻፈውን ለማረም ግን አያቅማማም። ቴሲሱን እንዳለ መቁረጥና መለጠፍ ሳይሆን አንዱን ጥያቄ ብቻ ነጥለሽ አጭር አድርገሽ ጻፊው። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው «ሲኔት» የተባለ የሳይንስ ጆርናል አለ፤ የኢትዮጵያ ባዮሎጂ ማኅበር የሚያሳትመውም ጆርናል አለ። ማኅበሩ ጉባኤ ሲጠራ ፖስተርም ቢሆን ይዘሽ ቅረቢ፤ ወደፊት ሊቀጥሩሽ የሚችሉት ሰዎች ሻይ እየጠጡ የሚገኙት እዚያ ነው። በኢሜይል «የተከበሩ ተመራማሪ» እያለ አሞግሶ በጥቂት ቀን አትምልሻለሁ፣ ዶላር ላኪ የሚልሽን ግን ዝጊው። እንዲህ ያለ ቦታ የታተመ ጽሑፍ ለደረጃ ዕድገት ከመጥቀም ይልቅ መጠየቂያ ይሆናል።

ቴሲሱን በዚህ ዓይን ካየሽው የሁለቱ ሥራ ጥያቄም ይቀልልሻል። የሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ጽሑፍሽን አሳትመሽ፣ ስለ ሥራሽ በዝርዝር መመስከር የሚችል ሰው አግኝተሽ ለመውጣት የትኛው ይረዳሻል?

እኔ ወደ ፕሮጀክቱ አዘነብላለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ትውያለሽ፤ ልብሽም ያለው እዚያ ነው ብለሻል። ከእናትሽም አትርቂም። «ከዓመት በኋላ ባዶ እጄን እቀራለሁ» ያልሽው ስጋት ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ የፕሮጀክት ገንዘብ ሲያልቅ ሰው ይበተናል። እጅሽ ባዶ እንዳይቀር የሚወስነው ከመፈረምሽ በፊት የምትጠይቂው ነው። የእኔ ድርሻ ሳምፕል መቀበልና ፔትሪ ዲሽ ማጠብ ነው ወይስ ትንተናውም ላይ እገባለሁ? ከሥራው ጽሑፍ ቢወጣ ስሜ ይኖርበታል? ከሥራ ሰዓት ውጪ የራሴን ባክቴሪያዎች መጨረስ እችላለሁ? ውሉ የመራዘም ዕድል አለው? ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በቀና መንፈስ ከመለሱልሽ ግቢ። «መጀመሪያ ሥራ ጀምሪ፣ ያ በኋላ ይታያል» ካሉሽ አስቢበት።

ሌክቸረርነቱን ደግሞ ገና ማንም አልሰጠሽም። ስለዚህ ሂጂና ተፈተኚ፤ ያልተሰጠሽን ነገር አስቀድመሽ አትግፊ። ደርሰሽ ስትመለሺ ብዙ ነገር በዓይንሽ አይተሽ ትመለሻለሽ። ላብራቶሪውን አሳዩኝ በያቸው። ኢንኩቤተሩና አውቶክሌቩ ይሠራሉ ወይስ ከነካርቶናቸው ናቸው? ወጣት መምህራኑን ለብቻ አግኝተሽ የመጀመሪያው ዓመት ሎድ (የማስተማር ጫና) ስንት እንደሆነ፣ የትምህርት ዕድል ለማግኘት ስንት ዓመት ማገልገል እንደሚያስፈልግ ጠይቂ። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ደመወዝሽ ሳይቋረጥ ለፒኤችዲ ሊልክሽ ይችላል። ግን በምላሹ የአገልግሎት ግዴታ ያስፈርማል፤ ዋስም ይጠይቃል። ዋስ የሚሆንሽ ማነው? ብትቀሪ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? ይህን ሳያነቡ ፈርመው ዘመድ ያስጨነቁ ልጆች አይቻለሁ። ቦታው ጥሩ ሆኖ ካገኘሽው፣ እናትሽን የሚያይ ሰው ከተገኘ፣ ቋሚውን ብትመርጪም አልቃወምሽም። ከላይ እንዳልኩሽ እንዲህ ያለ ቦታ እየቀነሰ ነው።

ስለ እናትሽ ስትጽፊ «ጥዬ መሄድ» ብለሻል። እሷስ ምን አለች? መድኃኒቷን ራሷ ትወስዳለች ወይስ አንቺ ነሽ የምታስታውሻት? ክትትሏ በየስንት ጊዜው ነው? አብሯት ሊያድር የሚችል የዘመድ ልጅ አለ? የስኳር ሕመምተኛን ትቶ መሄድ ከባድ ነው፤ ሆኖም ብዙ እናቶች ልጃቸው በእነሱ ምክንያት ዕድሏ ሲያመልጣት ከማየት የሚብስባቸው ነገር የለም። ቁጭ በሉና በግልጽ ተነጋገሩበት።

ውጭ አገር ፒኤችዲ ልሞክር ወይ ላልሽው፦ አዎ፣ ግን ጽሑፍሽ ከተላከ በኋላ። ስዊድንን በመሰሉ አገሮች የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው፤ ቦታው እንደ ማንኛውም ሥራ በማስታወቂያ ይወጣል። ጀርመንም አብዛኛው እንደዚሁ ነው። አሜሪካ በባዮሎጂ ፒኤችዲ የሚገቡት ብዙዎቹ ላብራቶሪ እያስተማሩ ወይም በምርምር እየረዱ ክፍያቸው ይሸፈናል። አንቺን በተለይ እንድታይው የምፈልገው ግን መቀመጫውን ጣሊያን ትሪዬስቴ ያደረገው የታዳጊው ዓለም ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ ኦደብሊውኤስዲ (OWSD) የሚሰጠውን የፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ነው። እዚሁ አገርሽ ተመዝግበሽ ለምርምሩ ብቻ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ አገር ሄደሽ የምትመለሺበት አማራጭ አለው፤ እናትሽን ለዓመታት ሳትለዪያት መማር ትችያለሽ ማለት ነው። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል አትበትኚ። በላቲክ አሲድ ባክቴሪያ የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ምረጪ፣ የቅርብ ጊዜ ጽሑፋቸውን አንብቢ፣ የአንቺ እርጎ ከእነሱ ጥያቄ ጋር የት እንደሚገናኝ በአጭሩ ንገሪያቸው። ስኮላርሺፕ አመጣልሻለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ደግሞ በር አትክፈቺለት፤ የእህትሽ ላብ ነው።

ባንኩን በተመለከተ፣ የገቡት ጓደኞችሽ ክፉ አላደረጉም። ቤቱ ችግር ላይ ቢወድቅ አንቺም ብትገቢ ማንም አይወቅስሽም። ግን ደብዳቤሽን ስታነቢው ስለ ባንክ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፤ ስለ እርጎው ግን ሳምፕሉን ከየት እንደሰበሰብሽ ሳይቀር ነግረሽኛል።

ጊዜው አጭር ስለሆነ ዛሬ ማታ ለፕሮጀክቱ ኃላፊ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ስለሰጡኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን በጣም እፈልገዋለሁ። ከዚህ ቀደም የተያዘ የፈተና ቀጠሮ ስላለኝ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ቢታገሱኝ፤ በተጨማሪም ስለ ሥራው ድርሻና ስለ ጽሑፍ ተሳትፎ ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝና ነገ ለአጭር ጊዜ መምጣት እችላለሁ?» ጥሩ ኃላፊ በዚህ አይቀየምም። ቀኑን ማራዘም አንችልም ቢሉሽም ሄደሽ ጥያቄዎችሽን ጠይቂ፤ መልሳቸው ደስ ካለሽ ተቀበዪ፣ ሩቁን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አመስግነሽ አሳውቂያቸው። ትምህርት ቤትሽ ውሉ መቼ እንደሚያልቅና የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚፈልግም አሁኑኑ አንብቢው፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በሰላም እንዲጽፉልሽ። ፍሪዘሩን ማየት ግን ለየትኛውም መልስ አይጠብቅም።